ድሬዳዋ ላይ የአውቶሜሽን ባለሙያ እንዴት ይገኛል? እንዴትስ ይቆያል?

ዘመናዊ ማሽን መግዛት ገንዘብ ላለው ሰው አይቸግርም። የሚቸግረው ማሽኑ በእኩለ ሌሊት ሲቆም የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከፍቶ ብልሽቱን የሚያገኝ ሰው በከተማው ማቆየት ነው። ድሬዳዋ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ሥራ ጀምሮባታል፤ የሲሚንቶ፣ የምግብና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም አሏት። ሁሉም ደጅ የሚጠኑት ግን እነዚያኑ ጥቂት ባለሙያዎች ነው። አንዱ ፋብሪካ ደመወዝ ጨምሮ ከሌላው ይነጥቃል፣ የተነጠቀውም መልሶ ይነጥቃል፣ በመጨረሻ ባለሙያው ጅቡቲ ወይም አዲስ አበባ ይገባና ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ይህን የምጽፈው ለፋብሪካ ባለቤቶች፣ ለሰው ኃይል ኃላፊዎችና እንደ እኔ የጥገና ክፍል ለሚመሩ ሰዎች ነው። የአውቶሜሽን ባለሙያ የምለው ማሽኑን የሚያዘውን ፒኤልሲ የተባለ መሣሪያ ፕሮግራም ማንበብና ማስተካከል የሚችል፣ በማሽኑ ላይ የሚሆነውን ለፒኤልሲው የሚያሳውቀውን ሴንሰር፣ እንዲሁም የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ኢንቨርተር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። እምነቴን ከወዲሁ ልናገር፦ እኔ ካየኋቸው ጎበዞች አብዛኞቹ ፋብሪካቸውን የለቀቁት ደመወዝ አንሷቸው ብቻ ሳይሆን ማሽኑን እንዲነኩ ስላልተፈቀደላቸው ነው።

ማስታወቂያው ላይ ማሽኑን ጻፉ

“በኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪና አምስት ዓመት ልምድ” የሚል ማስታወቂያ መቶ ማመልከቻ ያመጣል፤ የምትፈልጉትን ሰው ግን አይለይም። የማሽኑን ዓይነት፣ የፒኤልሲውን ሥሪትና የፈረቃውን ሰዓት በግልጽ ጻፉ። የሚያውቀው ሰው ራሱን አውቆ ይመጣል።

ፍለጋውን ከዚሁ ጀምሩ

ከአዲስ አበባ ባለሙያ በከፍተኛ ደመወዝ አስመጥቶ የሚኖርበትን ቤት መከራየት ብዙ ድርጅት የሚከተለው መንገድ ነው። ለአጭር ሥራ ያዋጣል፤ ለቋሚ ሥራ ግን አልመክርም። ቤተሰቡ እዚያ፣ እሱ እዚህ ሆኖ የግንቦትን ሙቀት አንድ ጊዜ ካየ በኋላ ልቡ ከአውቶቡሱ ጋር ይሄዳል።

ይህች ከተማ የእጅ ባለሙያ ያጣችበት ዘመን የለም። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው፤ የባቡሩ ወርክሾፕም ለአያሌ አሥርት ዓመታት የብረትና የሞተር ሰዎችን አፍርቷል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በከዚራና በዙሪያው አሉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ደግሞ በ25,000 ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሄድ ስለሆነ በዚያ የሠራ ሰው ለከፍተኛ ኃይልና ለሲግናል ሥርዓት እንግዳ አይደለም። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተመራቂዎች፣ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ከምትርቀው ከሐረር የሚመጡ ወጣቶች፣ ከጅቡቲ ወደብ ሥራ የተመለሱ ሰዎች፤ ሁሉም በእጃችሁ ናቸው። ሌላም ጥቅም አላቸው። የመስመሩ ሠራተኛ ማሽኑ እንዴት እንደተበላሸ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ሲነግራቸው ያለ አስተርጓሚ ይሰማሉ፤ የብልሽት ግማሽ መፍትሔ ደግሞ ማሽኑ ሲቆም አጠገቡ የነበረውን ሰው በደንብ መስማት ነው።

ሴት ተመራቂዎችን “ለሌሊት ፈረቃ አትሆንም” ብሎ ማለፍ ይቅር። ችግሩ ሌሊት ባጃጅ ፈልጋ ወደ ቤቷ መሄዷ ከሆነ መፍትሔው የሰርቪስ መኪና ነው።

በወረቀት ሳይሆን በብልሽት ፈትኑ

የቃል ጥያቄ ተናጋሪውን ከሠራተኛው አይለይም። እኛ የምንጠቀምበት ፈተና አንድ ጣውላ ነው። ላዩ ላይ ያረጀ ፒኤልሲ፣ ባለ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ ሁለት ቁልፎች፣ አንድ ኮንታክተርና ብረት ሲቀርበው የሚሠራ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ ሦስት ሽቦ አለው፦ ቡናማው 24 ቮልት፣ ሰማያዊው ዜሮ፣ ጥቁሩ ደግሞ ምልክቱን ወደ ፒኤልሲ የሚወስደው። ፒኤልሲው የተገጠመው ፒኤንፒ ለሚባለው፣ ብረት ሲቀርበው በጥቁሩ ሽቦ 24 ቮልት ለሚልከው የሴንሰር ዓይነት ሆኖ ሳለ እኛ ሆን ብለን ኤንፒኤን የሚባለውን፣ ጥቁሩን ሽቦ ከዜሮው ጋር የሚያገናኘውን እናስርበታለን። ሁለቱ በመልክ አይለዩም፤ ልዩነታቸውን የሚናገረው ጎናቸው ላይ በደቃቁ የታተመው ጽሑፍ ብቻ ነው። ብረት ሲቀርብ የሴንሰሩ መብራት ይበራል፤ የፒኤልሲው የግቤት መብራት ግን እንደጠፋ ይቀራል።

አንዳንዱ ተፈታኝ ሳይለካ “ሴንሰሩ ይቀየር” ይላል። ሌላው ላፕቶፕ ከፍቶ ፕሮግራሙን ይመረምራል፤ የግቤት መብራቱ ራሱ እስካልበራ ድረስ ግን ጥፋቱ ከፕሮግራሙ በፊት ነው። ደህናው ተፈታኝ ቴስተሩን በጥቁሩና በሰማያዊው ሽቦ መካከል ያሳርፋል፣ ቮልት ያጣል፣ ሴንሰሩ ሞቷል ብሎ ይፈርዳል። የምንፈልገው ሰው እዚያ ላይ አይቆምም። መብራቱን እያበራ እንዴት ሞተ ብሎ ይጠራጠራል፤ ጥቁሩን ሽቦ ከፒኤልሲው ነቅሎ አሁን በቡናማውና በጥቁሩ መካከል ይለካል። ብረቱ ሲቀርብ 24 ቮልት ያገኛል፣ ሲርቅ ያጣዋል። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ የሚልከው ምልክት ግን ፒኤልሲው የሚጠብቀው ዓይነት አይደለም። ይህን ያገኘ ሰው ዲግሪ ይኑረው ዲፕሎማ ለእኔ ግድ የለኝም።

ሽቦ ከመንቀሉ በፊት ኃይል ማጥፋቱንም ተመልከቱ። 24 ቮልት ሰው አይገድልም፤ ልማዱ ግን 380 ቮልት ያለበት ሳጥን ድረስ አብሮት ይሄዳል። የማያጠፋውን ሰው፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ አትቅጠሩ። የሙከራ ጊዜው በሕግ ከ60 የሥራ ቀናት ስለማይበልጥ ይህን የመሰለ ጠባይ በመጀመሪያው ቀን ማየት ይሻላል።

ፕሮግራሙን እጃቸው ላይ አድርጉ

ብዙ ድርጅት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ባለሙያ ከቀጠራችሁ በኋላ የማሽኑ የይለፍ ቃል ውጭ አገር ያለው አቅራቢ ዘንድ ከሆነ የቀጠራችሁት ፊውዝ ቀያሪ ነው። ጎበዝ ሰው በዚህ ሥራ ላይ እጁ እየዛገ መሆኑን ከማንም በፊት ራሱ ያውቃል፣ ሌላ ሥራ መፈለግም ይጀምራል።

አንድ የማውቀው ፋብሪካ ውስጥ የማሸጊያ ማሽኑ ፒኤልሲ ፕሮግራሙን በባትሪ የሚጠብቅ የቆየ ሥሪት ነበር። ባትሪው እንዳለቀ መብራት ጠፋ፣ ፕሮግራሙም አብሮ ጠፋ። ቅጂ በፋብሪካው አልነበረም። ባትሪው መቀየር እንዳለበትና ቅጂ እንዲያዝ የጥገና ባለሙያዎቹ አስቀድመው ጠይቀው “አትንኩት፣ ዋስትናው ይበላሻል” ተብለው ነበር። ኢንጂነር ከውጭ እስኪመጣ፣ ቪዛና የውጭ ምንዛሪ እስኪገኝ መስመሩ ቆሞ ከረመ። ሰውየው ሲመጣ ፕሮግራሙን ከላፕቶፑ ወደ ፒኤልሲው መልሶ ጫነና ሄደ፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው። ሁለቱ ባለሙያዎች ቆመው እያዩ ነበር፣ ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ለቀቁ። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከግዢ ውሉ ነው። ውሉ ውስጥ ማብራሪያዎቹ ያልተነኩበት ሙሉ ፕሮግራም፣ የይለፍ ቃሎቹ፣ ፕሮግራሙን የሚከፍተው ሶፍትዌር ከነፈቃዱ፣ እንዲሁም ሰዎቻችሁ በሚያነቡት ቋንቋ የተጻፈ የኤሌክትሪክ ንድፍ እንዲካተቱ አድርጉ። “በኋላ ከፒኤልሲው ላይ እንገለብጠዋለን” የሚላችሁን አትስሙ። በብዙ የቆዩ ፒኤልሲዎች ላይ የተገለበጠ ፕሮግራም ስሞቹንና ማብራሪያዎቹን አጥቶ ይወጣል፤ “ጠርሙሱ ሞልቷል” ይል በነበረበት ቦታ “ኤም 10.3” የሚል ብቻ ይቀራል። ያንን ፈትቶ መረዳት ሳምንታት ይፈጃል።

ቀጥሎ፣ ማሽኑን የሚተክሉት የውጭ ባለሙያዎች ሲመጡ የራሳችሁን ሰው ከመጀመሪያው ቀን አጠገባቸው አድርጉ። አስተርጓሚ ወይም ሻይ አቅራቢ ሆኖ ሳይሆን ሥራ ተቆጥሮ የተሰጠው ሰው ሆኖ፦ እያንዳንዱን ገመድ ከንድፉ ጋር ማመሳከር፣ የተቀየረውን ሁሉ መመዝገብ፣ በየቀኑ መጨረሻ የፕሮግራሙን ቅጂ ቀን ጽፎበት ማስቀመጥ። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ በአንድ ፈተና ላይ እሰሩት። የእናንተ ባለሙያ ያለማንም እርዳታ ፕሮግራሙን በባዶ ፒኤልሲ ላይ ጭኖ ማሽኑን ካላስነሳ ገንዘቡ አይለቀቅ። ይህ አንቀጽ ካለ የማስተማሩ ነገር ልመና አይሆንም፤ አቅራቢው ራሱ ልጁን እየፈለገ ያስተምረዋል።

“ቢያበላሸውስ?” የሚለው የባለቤቶች ሥጋት ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን መከልከል ሳይሆን ሥርዓት ነው። ማንም ሰው ከመቀየሩ በፊት ቅጂ ይያዝ፣ ሁለት ሰው ይፈርም፣ ማሽኑ ቆሞ ይቀየር፣ ለውጡና ምክንያቱ በመዝገብ ይጻፍ። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውንና የሰው እጅ መከላከያውን የሚመለከት መስመር ፈጽሞ አይነካ። “አስተምሬው ቢሄድብኝስ?” ለሚለውም፣ አንዳንዱ ይሄዳል። ለዚህ ነው አንድ ሰው ብቻ ማስተማር የማይበቃው። ለፈተና የሠራችሁት ጣውላ ከፈተናው በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጀማሪዎቹ በእረፍት ሰዓታቸው ያለ ፍርሃት የሚበትኑትና የሚገጥሙት መሣሪያ ይሁን። እኔ ለሥልጠና በጀት ከተሰጠኝ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከሚካሄድ ኮርስ በፊት ያረጀ ኢንቨርተርና አንድ ትንሽ ሞተር እገዛለሁ።

የሌሊቱን ጥሪ ክፈሉ

ደመወዙን ከአካባቢው ገበያ እኩል ካላደረጋችሁ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይረዳም። ከደመወዙ በላይ ሰው የሚያስቀይመው ግን ያልተከፈለ ሌሊት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ የትርፍ ሰዓት ሥራ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ተባዝቶ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ትርፍ ሰዓቱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። አንዳንድ ድርጅት ይህን ለመሸሽ ባለሙያውን በወረቀት ላይ “ኃላፊ” ያደርገዋል፣ አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትምና። የሚመራው ሰው የሌለው ኃላፊ መሆኑን ግን ባለሙያው ያውቀዋል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ይህ ነውር ነው።

ሰው ለማሰር ሲባል ዋናውን የትምህርት ማስረጃ መያዝም እንዲሁ። ብዙ ወጪ ለወጣበት የውጭ ሥልጠና አጭርና ግልጽ የአገልግሎት ግዴታ ማስፈረም ይገባኛል፤ ዲፕሎማ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ግን ጎበዙን ገና በሩ ላይ ይመልሰዋል።

ሙቀቱንና ቤቱን አትርሱ

ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት አካባቢያቸው እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ የድሬዳዋ ቀትር ላይ የተዘጋ ሳጥን ውስጡ ከዚያ ያልፋል። ለሳጥኑ ማቀዝቀዣ የሚገዛ ድርጅት ሳጥኑ ፊት ቆሞ ለሚሠራው ሰውም ያስብ። በሙቀቱ ወራት ከባዱን የታቀደ ጥገና ማለዳ ላይ አድርጉት። ሳቢያን አካባቢ ቤት ለማግኘት ማገዝ፣ የትዳር ጓደኛውን የሥራ ማመልከቻ ለምታውቁት ድርጅት ማድረስ፣ እነዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ሰው ሥር የሚሰደው ግን በእነሱ ነው።

ሲለቅ

ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ያንን ወር በቁጣ አታባክኑት። የፕሮግራም ቅጂዎቹን ከማሽኖቹ ጋር አመሳክሮ ለተተኪው ያስረክብ፣ የሚደጋገሙትን ብልሽቶች በወረቀት ያስቀምጥ፣ የይለፍ ቃሎቹ በመጨረሻው ቀን ይቀየሩ። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ሳታጉላሉ በዚያው ቀን ስጡት። ጅቡቲ ሄዶ እናንተ ዘንድ የሌለ ማሽን ላይ የሠራ ሰው አንድ ቀን ተመልሶ ሊያመለክት ይችላል፤ ያን ጊዜ ጣውላውን አታውጡለት፣ በቀጥታ ስለ ደመወዙ ተነጋገሩ።