የ1960ዎቹን ቸርችል ጎዳና ለፊልም በኮምፒውተር እንዴት እንሠራለን?

ፊልማችሁ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ የሚካሄድ ነው እንበል። ተዋናይዋ ለገሃር ጣቢያው ፊት ቆማ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ታያለች። ከላይ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከጀርባው እንጦጦ። ዛሬ እዚያ ካሜራ ብትተክሉ ግን የምታገኙት ሌላ ከተማ ነው። በአካባቢው ያለው የንግድ ባንክ ሕንፃ ብቻውን 209 ሜትር ይረዝማል። የዘመኑን አጥፍቶ የድሮውን መተካት ግድ ነው። ለዚህ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ብሌንደር የሚባለው የስሪዲ (ባለ ሦስት አውታር ምስል) መሥሪያ በነፃ ይገኛል፤ ሥራውንም በደንብ ይወጣዋል።

መጀመሪያ ካሜራው ይንቀሳቀስ ወይስ ይቁም የሚለውን ከዳይሬክተሩ ጋር ጨርሱ። የሥራው ክብደት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ከቆመ ሩቁን ከተማ በአንድ ጥሩ ሥዕል መሸፈን ይቻላል። ከተንቀሳቀሰ ግን ቅርብ ያለው ሕንፃ ከሩቁ ፈጥኖ ያልፋል። ስለዚህ ቅርብ ቅርቡን በስሪዲ መገንባት ይኖርባችኋል። ጊዜና ገንዘብ ካጠረ ካሜራውን አቁሙት ባይ ነኝ። በእርጋታ የተሠራ የቆመ ሾት፣ ይድረስ ይድረስ ከተሠራ የሚበር ሾት በብዙ ይሻላል።

ቀጥሎ ፎቶ ሰብስቡ። 6 ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የቆዩ ፎቶዎች አሉት። የቤተሰብ አልበምም አትናቁ። ለገሃር አንበሳው ሥር ቆሞ የተነሳ ዘመድ ከጀርባው የመብራት ምሰሶውን፣ የሱቁን ጽሑፍ፣ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ይዞላችሁ ይሆናል።

አሁንም የቆሙትን ሕንፃዎች ደግሞ ሄዳችሁ አንሱ። ዙሪያውን ብዙ ፎቶ ካነሳችሁ ሶፍትዌር ቅርጹን በስሪዲ ያወጣዋል፤ ፎቶግራሜትሪ የሚባለው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ቢያንስ 60 በመቶ ይደራረብ። ፀሐይ ላይ አታንሱ። ግድግዳው ላይ የወደቀው ጥላ ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በኋላ ብርሃኑን ስታዞሩ እሱ አይዞርም። የክረምት ደመና ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። የፈቃድ ደብዳቤ ይዛችሁ ውጡ። ድሮንም ያለ ፈቃድ አታስነሱ።

በቀረጻው ቀን የሌንሱን ሚሊሜትር፣ የካሜራውን ከፍታና ሰዓቱን ጻፉ። ተዋናይዋ በቆመችበት ቦታ ግራጫ ኳስና እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ኳስ ይዛችሁ ቅረጹ። ግራጫው ብርሃኑ ከየት እንደመጣና ጥላው ምን ያህል እንደጠቆረ ያሳያል። የሚያንጸባርቀው በዙሪያው ያለውን ሰማይ ይይዛል።

ብዙ ሰው የሚስተው ፀሐይዋን ነው። ከሌላ አገር የተነሳ የሰማይ ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ግን ያስነቃል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከእንጦጦ በኩል ናት፤ ጥላ ወደ ለገሃር ይወድቃል። በታኅሣሥ ይገለበጣል፤ ጥላው ወደ ፒያሳ ነው። ታሪካችሁ በሰኔ ቀትር ላይ ከሆነ ጥላው ወደ ካሜራው መምጣት አለበት። ለብሌንደር ሰን ፖዚሽን የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ አለ፤ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ከሰጣችሁት ፀሐይዋን በትክክለኛ ቦታዋ ያስቀምጣል።

ሕንፃዎቹን በእውነተኛ ሜትር ገንቡ፤ ከጎናቸውም የሰው ቁመት ያለው ምስል አቁሙ። ለእንጦጦ ከሳተላይት የተወሰደ ነፃ የከፍታ መረጃ ይበቃል። ለመንገዱ ግን አይሆንም፤ የቸርችልን ዳገት ራሳችሁ ለኩ።

ከዚያ እድፍ። በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ቆርቆሮ ዝገቱ የሚጀምረው ከምስማሩ ቀዳዳና ከጠርዙ ነው። ግድግዳ ከታች በኩል በክረምት ጭቃ ይረጫል። ከመስኮት ሥር ውሃ የወረደበት መስመር ይቀራል። በር የሚላጠው እጅ በሚነካው ቦታ ነው። ሁሉንም እኩል ግን አታቆሽሹ። ማዘጋጃ ቤቱ በ1960ዎቹ ገና አዲስ ነበር፤ የፒያሳ የቆርቆሮ ቤቶች ያኔም አርጅተው ነበር። ዘመኑን የሚናገረው ይህ ልዩነት ነው። መንገዱ ላይ ሰማያዊና ነጭ ትንንሽ የፊያት ታክሲዎችን ስታሰማሩ ጎማቸው አካባቢ አቧራ አልብሷቸው።

ሬንደሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ አስልቶ የሚያወጣውን የመጨረሻ ምስል፣ በቪዲዮ አታውጡ፤ ፍሬም በፍሬም በምስል አውጡ። በሴኮንድ 24 ፍሬም ከሆነ 10 ሴኮንድ ማለት 240 ፍሬም ነው። አንዱ 5 ደቂቃ ቢፈጅ 20 ሰዓት ይሆናል። በመሃል መብራት ቢጠፋ ከቆመበት ትቀጥላላችሁ።

በመጨረሻ ምስሉን ከቀረጻው ጋር አዋህዱ። እንጦጦ ላይ ያለው ጥቁር ከተዋናይዋ ፀጉር ጥቁር ፈዘዝና ሰማያዊ ቀረብ ማለት አለበት፤ በመሃል ብዙ አየርና ጭስ አለ። ካሜራው ያመጣውን ግሬይን (በምስሉ ላይ የሚታየውን ደቃቅ ነጠብጣብ) በተሠራው ከተማ ላይም ጨምሩ። ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ እዩት፤ ቀለም የሸፈነው ስህተት ወዲያው ይወጣል። ከዚያ ሰፈሩን በዚያ ዘመን ለሚያውቁ አባት ወይም እናት አሳዩ። «ይሄ ምሰሶ እዚህ አልነበረም» ካሉ ተከራክራችሁ አትለፉት፤ አንሱት።