ከሰል በፌስታል ለምታያይዙ

ጀበና ቡና እሸጣለሁ። የግቢያችን በር ላይ፣ 2 ማንደጃ፣ 10 በርጩማ። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሹፌር ደንበኛዬ ፉት አለና ስኒውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ቡናሽ ፌስታል ፌስታል ይላል» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እውነቱን ነዋ! ከሰል የማያይዘው በፌስታል ነበር፤ ለ4 ዓመት።

ፌስታል ለምን እንደሚወደድ ይገባኛል። የሚሠራው ከነዳጅ ነው። ኪሎ በኪሎ ከደረቅ እንጨት ከእጥፍ በላይ ሙቀት ይሰጣል። በነፃ ይገኛል፣ ክብሪት ሲነካው ይያዛል። ቁራሌው ደግሞ አይወስደውም። ሃይላንድ፣ ጄሪካን፣ ቆርቆሮ ይወስዳል። ፌስታል፣ የብስኩት ማሸጊያ፣ ያለቀ ጫማ ስትሰጡት ግን ይስቅባችኋል። ስለዚህ «ከሚጣል ይንደድ» እንላለን።

ችግሩ ማንደጃው ላይ ነው። ፕላስቲክ በደንብ እንዲነድ ብዙ አየርና ከባድ ሙቀት ይፈልጋል። ማንደጃ ሁለቱም የለውም። ግማሹ ይነዳል፣ ግማሹ ቀልጦ ከሰሉ ላይ ይንጠባጠባል። የቀረው ጥቁር ክር መስሎ ይበርና ረከቦቱ ላይ ያርፋል። ረከቦቱ ይወለወላል። ሳንባ ግን በምን ይወለወላል?

ከሁሉ የባሰው ፒቪሲ የሚባለው ነው። የውሃ ቱቦ፣ የመብራት ሽቦ ልባስ፣ አንዳንዱ ሰው ሠራሽ ቆዳ ከእሱ ነው። ንጹሑ ፒቪሲ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው። ሲቃጠል ጉሮሮ የሚያቃጥል አሲዳማ ጋዝ ይወጣዋል። ዳይኦክሲን የሚባል መርዝም ይፈጠራል። ዳይኦክሲን ቶሎ አይጠፋም። ሣርና አፈር ላይ ያርፋል፤ ላሟ ትግጠዋለች፣ ዶሮዋ አመዱን ስትጭር ትውጠዋለች። ስብ ስለሚወድ ወተቱና እንቁላሉ ውስጥ ይቀመጣል። ሽቦ አቃጥለው መዳቡን የሚሸጡ ልጆች ሰፈራችሁ ካሉ፣ ዶሮዎቻችሁን ከዚያ ቦታ አርቁ። ልጆቹንም ብትመክሩ ደግ ነው። እኔ መክሬ ተሰድቤያለሁ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው።

ማንደጃውን ውጭ አወጣና የትናንቱን አመድ ሙልጭ አድርጌ እደፋለሁ። ብዙዎቻችንን ፌስታል ያስለመደን አመድ የደፈነው ማንደጃ ነው። አየር ካላገኘ በምንም አይያዝም። አፉን ወደ ነፋሱ አዞራለሁ። መጀመሪያ አንድ እፍኝ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል፤ ዘይት ስላለው ቦግ ይላል። በላዩ ጭራሮ ወይም የተሰባበረ የበቆሎ ቆረቆንዳ። ከዚያ ሎሚ ሎሚ የሚያካክል ከሰል፣ ትልልቁ መጨረሻ ላይ። የጧፍ ቁራጭ ካለኝ መሐሉ ላይ እሰካለሁ። ሰሙ እስኪያልቅ ከሰሉ ይይዛል።

ትልቁ ሚስጥር ግን ጣሳው ነው። የወተት ዱቄት ጣሳ ፈልጉ፣ ክዳኑንም ቂጡንም አውጡለት። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ከሰሉ ላይ አቁሙት። ትኩሱ አየር በጣሳው ሽቅብ ሲወጣ ከታች ሌላ አየር ይስባል። ማራገቡን እሱ ይሠራላችኋል። ስታነሱት በወፍራም ጨርቅ ይሁን፤ እኔ በባዶ እጄ አንስቼ ጠባሳው እስከዛሬ አለ። ከሰሉ ቀልቶ ግራጫ አመድ ሲለብስ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በርና መስኮት ተከፍቶ። የጋመ ከሰል አስገብቶ መተኛት ግን በጭራሽ። ከሰሉ የሚያወጣው ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውም።

ለንፍሮና ለሽሮ ደግሞ የሰጋቱራ ምድጃ አለኝ። ሰጋቱራም ከአናጢ ቤት የሚጣል ነገር ነው። ከታች በጎኑ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ይበቃል። መሐሉ ላይ ባዶ ጠርሙስ አቁሙ፣ በጎኑ ቀዳዳ ዱላ አስገብታችሁ ከጠርሙሱ ጋር አገናኙ። ዙሪያውን ሰጋቱራ እየሞላችሁ በደንብ ጠቅጥቁ። ጠርሙሱን እያዞራችሁ ምዘዙት፣ ዱላውንም። በታችኛው ቀዳዳ ለኩሱ። በደንብ ከተጠቀጠቀ ለሰዓታት ይነዳል። ካልተጠቀጠቀ ይናድና ግቢውን በጭስ ያጥናል።

ሰጋቱራው ግን የምን እንደሆነ አናጢውን ጠይቁ። የጽድ፣ የዋንዛ፣ የባሕር ዛፍ ከሆነ መልካም። እንደ ኤምዲኤፍ፣ ቺፑድና ኮምፔንሳቶ ያለ የፋብሪካ ጣውላ ከሆነ ሙጫ አለበት፤ ይቅር። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው ጣውላም ይቅር። የኤምዲኤፍ ብናኝ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ እንጨት እንጨት አይሸትም። እኔ አንድ ጊዜ ሳላውቅ አንድ ጆንያ ገዝቼ ዓይናችን ሲያለቅስ ዋለ።

ታዲያ ቁራሌው ያልወሰደው ፌስታል የት ይሂድ? እኔ ሁለት ጆንያ አለኝ። በአንዱ ደረቅ፣ በሌላው የሙዝ ልጣጭና የቡና አተላ። ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሩ ልጆች ለየብቻ እሰጣለሁ። አዲስ አበባ ረጲ የተሠራውን የቆሻሻ ማቃጠያ ጣቢያ ታስታውሱ ይሆናል። ነሐሴ 2010 ሲመረቅ፣ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ 25 ሜጋ ዋት መብራት እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። ቦታው ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የሞተበት።

እንዲህ ያለ ጣቢያ ከማንደጃዬ የሚለየው በሙቀቱና በማጣሪያው ነው። በአውሮፓ ሕግ ጭሱ ቢያንስ ለ2 ሰከንድ ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መቆየት አለበት። ዳይኦክሲን የሚሰባበረው እዚያ ነው። ሲቀዘቅዝ እንደገና ሊፈጠር ስለሚችል ማጣሪያ ይጠብቀዋል። የእኛ ቆሻሻ ግን አብዛኛው የወጥ ቤት ትራፊ ነው፣ እርጥብ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ማድረቅ አለበት፤ ሙቀቱ እዚያ ያልቃል። ሁለት ጆንያ የያዝኩት ለዚህ ነው።

ደግሞ ጣቢያው ንጹሕ ነው ብላችሁ አትታለሉ። 1 ኪሎ ፌስታል የትም ቢቃጠል 3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከተቃጠለው ቆሻሻ ሩብ ያህሉ አመድ ሆኖ ይቀራል። ማጣሪያው ላይ የሚቀረው ብናኝ ደግሞ መርዛም ነው፤ ለብቻው መቀበር አለበት። ከማንደጃ ይሻላል፤ በቃ። እኔ ዘንቢል ይዤ መውጣት ጀምሬያለሁ።

የቀረኝ ኅዳር 12 ነው፣ ኅዳር ሲታጠን። በኅዳር 1911 የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ካራገፈ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን። ያኔ የሚቃጠለው ጭድና ቅጠል ነበር፣ ፌስታል አልነበረም። አሁን ጎማ ሳይቀር ይገባል። ዘንድሮ ክምሩን ከመለኮሳችን በፊት እኔና ልጆቹ ፕላስቲኩን ለቀምን። የግቢያችን እማማ ከበርጩማቸው ሆነው ሲያዩን ቆዩ። «ምን ልታጥኑ ነው ታዲያ? ሁሉን አወጣችሁት እኮ» አሉ። ከዚያ በከዘራቸው አንድ የላስቲክ ጫማ ከክምሩ ጎትተው አወጡ። አገላብጠው አዩትና፣ «የእኔ ነው! ሌላኛው እግር ቤት አለ» ብለው ይዘውት ገቡ።