የስኳር አፕ ስልካችሁ ላይ ከጫናችሁ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

እማዬ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ትወጋለች፣ የምንኖረው ባህር ዳር ሽምብጥ ነው። ስልኳ ላይ የስኳር መመዝገቢያ አፕ የጫንኩላት እኔ ነኝ፣ ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹን የሰራሁትም እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይደግማቸው ብዬ ነው የምፅፈው። አፑ በጣም ጠቅሞናል፣ ግን ሲሰራ የኛን ሰዓትና የኛን ገበታ አስቦ ስላልተሰራ እኛ ነን የምናስተካክለው።

ከሁሉም የሚያስፈራው የሰዓቱ ነው። ዶክተሩ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ከምግብ በፊት ትወጊያለሽ አላት፣ እኔ ደሞ ምንም ሳላስብ አላርሙን 1:00 ላይ ሞላሁት። የስልኩ 1:00 ኤኤም ማለት እኮ የኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው! በመጀመሪያው ሌሊት አላርሙ ጮኸ፣ እማዬ የታዘዘችውን የምታከብር ሰው ናት፣ እንቅልፍ እንደያዛት ተነስታ ኢንሱሊኑን ስትቀዳ ነው የደረስኩት። ምንም ሳትበላ ወግታ ተመልሳ ብትተኛ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ሳስበው እስካሁን ልቤ ይመታል። በቃ የኛ ሰዓት ላይ 6 ጨምሩ፣ ጠዋት 1 ሰዓት 7:00 ኤኤም፣ ማታ 1 ሰዓት 7:00 ፒኤም። ከሞላችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ላይ አብራችሁ ሆናችሁ በትክክል ሲጮህ ስሙት። ቀኑም እንደዛው ነው፣ የቀጠሮ ካርዷ ላይ 3/9 ተብሎ የተፃፈው ግንቦት 3 ነው፣ አፑ ውስጥ እንዳለ ካስገባችሁት ግን ወይ ሴፕቴምበር 3 ወይ ማርች 9 ይሆንና ቀጠሮው ያልፋችኋል።

ሁለተኛው የመለኪያው ነገር። እኛ ጋ ማሽኑ የሚያሳየው በሚሊግራም ነው፣ 140፣ 180 እንደምንለው። አንዳንድ አፕ ሲከፈት ሚሊሞል በሚባል ሌላ መለኪያ ላይ ሆኖ ይመጣል፣ ካናዳና እንግሊዝ ያሉ ሰዎችም በሱ ነው የሚያወሩት። ካናዳ ያለች አክስቴ ስኳር አለባት፣ የኔ 7.8 ነው ስትላት እማዬ የኔ 140 ነው ልሞት ነው ብላ አለቀሰች፣ ሁለቱ ግን አንድ ቁጥር ናቸው፣ ሚሊሞሉን በ18 ስታባዙት ሚሊግራም ይመጣል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው አፑ የሚነግረውን ካርቦሃይድሬት እንዳለ ያምናል። እንጀራ ብላችሁ ስትፈልጉ ወይ የለም ወይ አንድ ቁጥር ብቻ ይመጣል፣ የማን እንጀራ? ስስ ነው ወፍራም? ንፁህ ጤፍ ነው? እዚህ ሩዝ የሚበቅልበት ፎገራ ቅርብ ስለሆነ ጤፍ ላይ ሩዝ ቀላቅሎ መጋገር የተለመደ ነው፣ ሩዙ ሲበዛ ደሞ ስኳርን ቶሎ ሊያወጣው ይችላል፣ አፑ ይሄን ከየት ያውቃል። እኛ የምናደርገው ከመብላቷ በፊት መለካት፣ የበላችውን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ በልታ 2 ሰዓት ሲሞላት ድጋሚ መለካት ነው። ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት የማሽኑ ወረቀት) ውድ ስለሆነ በየቀኑ አይደለም፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃናል። በዚህ ነው ያው ወጥ ሆኖ በግማሽ እንጀራና በሙሉ እንጀራ መሀል ያለውን ልዩነት በአይናችን ያየነው። ከጣና የሚመጣው ቆረሶ አሳ ተጠብሶ ሲበላ ስኳሯን ብዙም አልነካባትም፣ ከፍ የሚያደርግባት አብሮት የሚበላው ዳቦ ነበር።

ማንጎ ልጣችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንዳትለኩ። ጣት ላይ የቀረው ጭማቂ ቁጥሩን ውሸት ያደርገዋል፣ አፑም ውሸቱን ይዞ አማካይ ያወጣላችኋል።

ጣታችሁን ካሜራው ላይ አድርጉ ስኳራችሁን እለካለሁ የሚል አፕ ካያችሁ ወዲያው አጥፉት። ስልክ ብቻውን ስኳር አይለካም። ቆዳ ስር የሚገባ ሴንሰር ተለጥፎ ቁጥሩን ወደ ስልክ የሚልከው ሌላ ነገር ነው፣ እሱ እውነተኛ ነው። ሳይወጉ እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችና ቀለበቶችን ደሞ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በፌብሩዋሪ 2024፣ በኛ የካቲት 2016 ላይ፣ እንዳትጠቀሙ ብሎ አስጠንቅቋል።

አፑ ላይ ቀይ ስላያችሁ ኢንሱሊን በራሳችሁ አትጨምሩ፣ ሀኪማችሁን አነጋግሩ። ጾም ሲደርስም እንደዛው፣ አፑ ሁዳዴን አያውቅም፣ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚውል ሰው ኢንሱሊኑ እንዴት እንደሚሆን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሀኪሙን ይጠይቅ። ስኳር ወርዶ ላብ ላብ ሲል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ከ70 በታች ሲሆን ደሞ ስልክ ፍለጋ አትሂዱ፣ ሰውየው መዋጥ እስከቻለ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፣ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ድጋሚ ለኩ፣ ስኳሩ ካልተነሳ ድገሙት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፣ በቀጥታ ወደ ሀኪም ቤት። መመዝገቡ በኋላ ይደርሳል።

ሁሉንም ነገር ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ አፕ ብቻ መያዝም ስህተት ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ሲቋረጥ አፑ አልከፍትም ብሎን የእማዬ የሰባት ወር መዝገብ እዛው ቀረ። አሁን ያለ ዳታ የሚሰራ ነው የምንጠቀመው፣ በየሳምንቱ ደሞ ደብተር ላይ እገለብጠዋለሁ። ለዶክተሩም ደብተሩ ይቀለዋል፣ ስንት ሰው እየጠበቀው ስልክ እየነካካ ግራፍ የሚያይበት ጊዜ የለውም።

የመጨረሻው መጥፎውን ቁጥር መደበቅ ነው። እማዬ 260 ሲመጣ "ይቺን አታስገባት፣ ዶክተሩ ይቆጣኛል" ትለኝ ነበር፣ እኔም አዝኜላት ትቼላታለሁ። ከዛ የሶስት ወር አማካዩን የሚያሳየው የደም ምርመራ ተሰራላትና ከፍ ብሎ መጣ፣ ዶክተሩ የኛን መዝገብ አየ፣ ሁሉም ያማረ ነው፣ ግራ ገባው፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚወጣባት ማወቅ ስላልቻለም መድኃኒቱን ማስተካከል አልቻለም። እሷ አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ ሳይ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ነገርኩት። ከዛ ወዲህ ከቁጥሩ አጠገብ ማስታወሻ የሚፃፍበትን ቦታ መጠቀም ጀመርን፣ አሁን 260 ሲመጣ ራሷ ናት "ትናንት ሰርግ ነበር ብለህ ፃፍበት" የምትለኝ።