ከጅማ ለሥራ ወደ እስያ የሚጓዝ የቴክኖሎጂ ባለሙያ ምን ያዘጋጅ? ምንስ ይመልከት?

ለሥልጠና፣ ለዕቃ ግዢ ወይም ለስብሰባ ወደ ሸንዠን (ቻይና)፣ ቤንጋሉሩ (ህንድ) ወይም ቶኪዮ የሚላክ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ዝግጅቱን በቪዛና በሻንጣ ይጨርሰዋል። በእኔ እምነት ግን የጉዞው ፍሬ የሚወሰነው ጅማ ላይ በሚያዝ ጥያቄ ነው። መሥሪያ ቤትዎን ያስቸገረውን አንድ ጉዳይ መርጠው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ለምሳሌ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሰርቨሩ ፓወር ሰፕላይ እንዳይቃጠል እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ምን ያደርጋሉ? ይህን የያዘ ሰው የትኛውን ክፍል ለማየት እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ያልያዘ ግን ፎቅ ሲያይ ሰንብቶ ይመለሳል።

ሰነዶችን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ህንድ ከኢትዮጵያ የሚገባን ተጓዥ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ስለምትጠይቅና ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ አስቀድመው ይከተቡ። ስምዎ በትኬት፣ በሆቴልና በባቡር ምዝገባ ላይ ፊደል ሳይዛነፍ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ፤ በቻይና ፈጣን ባቡር የሚሳፈሩት በዚያው ፓስፖርት ነውና።

ብዙ ዝግጅት የምትፈልገው ቻይና ናት። ጂሜይል፣ ጎግል ማፕ፣ ቴሌግራምና ዋትስአፕ በሀገሪቱ ኔትወርክ ላይ የተዘጉ በመሆናቸው ከቢሮዎ ጋር የሚገናኙበትን መንገድ፣ ለምሳሌ ዊቻትን፣ ሳይነሱ ተስማምተው በሁለቱም ወገን ስልክ ላይ ጭነው ይሞክሩት። የሚያስፈልጉዎትን ፋይሎች ላፕቶፕዎ ላይ ያውርዱ። ብዙዎች የሚዘነጉት የኢሜይልና የሲስተም መግቢያ ማረጋገጫ ኮድ ወደ ኢትዮጵያ ሲም ካርዳቸው የሚላክ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ወይ ሮሚንግ ያስከፍቱ፣ ወይም የመጠባበቂያ ኮዶችን በወረቀት አትመው ይያዙ። ክፍያውም እንደዚሁ ነው። ቴሌብርን የለመደ ሰው ኪውአር ኮድ አይከብደውም፤ የአትክልት ሻጭ ሳይቀር በአሊፔይ ወይም በዊቻት ፔይ የሚቀበልበት ከተማ ግን የሚቀበልዎት የውጭ ምንዛሪ ያለበት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ከመተግበሪያው ጋር ካያያዙ ነው። ማያያዙን ሀገር ቤት ሳሉ ይጨርሱት፤ ባንኩ ካርዱን ቢያግደው ሄደው የሚያናግሩት ሰው ቅርብ ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር ከአገር አገር ይለያያል። ደቡብ ኮሪያ ሶኬቱም 220 ቮልቱም የእኛው ዓይነት ነው። ሲንጋፖር ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ሶኬት ትጠቀማለች። ጃፓን 100 ቮልት ስትሆን ቶኪዮ በ50፣ ኦሳካ ደግሞ በ60 ኸርዝ ይሠራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ጄኔሬተሮች ከጀርመንና ከአሜሪካ ተገዝተው ስለነበር ልዩነቱ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ቻርጀርዎ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ ካለ አዳፕተር ብቻ ይበቃዎታል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዝ፤ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው ወደ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን አየር መንገዶች ከለመዱት የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በታች ነው። በቻይና የአገር ውስጥ በረራ ላይ ግን ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ወዲህ «3ሲ» የሚባለው የቻይና የደኅንነት ማረጋገጫ ምልክት የሌለው ፓወር ባንክ አይፈቀድም።

ሰዓትን በተመለከተ ጃፓንና ኮሪያ ለእኛ ይመቹናል። ከእኛ በ6 ሰዓት ስለሚቀድሙ በአገራችን አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ሳይነካ እዚያም ይሠራል፤ ጅማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ነው። ሸንዠን ልዩነቱ 5 ሰዓት ሲሆን፣ ከጅማ ቢሮ መልስ የሚያገኙት ከምሳ በኋላ ነው፤ ጠዋቱን ለጉብኝት ይጠቀሙበት።

ሸንዠን ከደረሱ የኹዋቺያንግቤይን የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ሳያዩ አይመለሱ። በየፎቁ ጠባብ መደብሮች ተደርድረዋል፤ አንዱ ካፓሲተር ብቻ፣ ሌላው የስልክ ስክሪን ብቻ ይሸጣል፤ አጠገባቸው ጠጋኙ በማይክሮስኮፕ ሥር የተቃጠለ አይሲ (ቺፕ) ነቅሎ ሌላ ይተካል። በእጅ ሙያ ከጅማ መርካቶ የሞባይል ጠጋኞች ያን ያህል የሚበልጥ አይመስለኝም። የሚበልጠው የጎደለው ዕቃ ጥቂት እርምጃ ርቆ ስለሚገኝለት ነው፤ የእኛው ጠጋኝ ያንኑ ዕቃ ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር አቋርጦ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ስለዚህ መለዋወጫው ከየት፣ በስንት ሰዓትና በምን ዋጋ እንደሚደርስ ይጠይቁ። ለቢሮዎ የሚጠቅመው ከማሽኑ ፎቶ ይልቅ ይህ መልስ ነው።

በስብሰባ ላይ የቢዝነስ ካርድ በሁለት እጅ ይሰጣል፣ በሁለት እጅ ይቀበላል፤ ይህን እኛ ከቤታችን የለመድነው ስለሆነ አያስቸግርም። ለስጦታ የጅማ ቡና ይውሰዱ፤ ሆኖም ተቆልቶ የታሸገ ይሁን፣ ጥሬው የዕፅዋት ምርመራ ያስከትላልና። ምግብን በሚመለከት ሙስሊም ተጓዥ በቻይና ከተሞች የላንዡ ኑድል የሚሠሩ የሙስሊም ምግብ ቤቶችን ያገኛል። ጿሚ ከሆኑ ግን በህንድ የታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብ ሥጋ የለበትም ማለት እንጂ ወተት የለበትም ማለት አይደለም፤ በጃፓንም አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ብዙ ጊዜ በዓሣ መረቅ የተሠራ ነው።

ማታ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ያዩትን በሁለት ዓምድ ይጻፉ፤ በአንዱ አሠራሩን፣ በሌላው ጅማ ላይ ለመተግበር የሚጎድለውን፣ ማለትም መብራት፣ ኢንተርኔት፣ መለዋወጫ ወይም የሰው ኃይል። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ገጽ ለሪፖርት አይበቃም። የናሙና ዕቃ ከገዙ ደግሞ ደረሰኙን ከዕቃው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ ቦሌ ጉምሩክ ሲጠይቅዎት ሻንጣ ሲፈቱ አይቆዩም።