ብርሃን ሲገፋና ሲስብ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን የ12ኛ ክፍል ልጆች ፊዚክስ አስጠናለሁ። የብርሃን ነገር ሲነሳ ጎበዞቹ ሳይቀሩ የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች አሉ።

«አቧራውን ብርሃን እየገፋው ነው።» በቆርቆሮ ቀዳዳ የገባውን ጨረር እያዩ የሚሉት ነው። አይደለም፤ የሚያንቀሳቅሰው አየሩ ነው። በሩን ዘግታችሁ ትንሽ ቆዩ፣ አቧራው ረጋ ይላል። አንድ ሰው ከፍቶ ሲገባ ወዲያው ይታመሳል። ጨረሩ ግን ያው ነው። የቀትር ፀሐይ ጥቁር ነገር ላይ ሲያርፍ የሚገፋው በካሬ ሜትር 3 ሚሊዮንኛ ኒውተን ገደማ ብቻ ነው።

«እንዲህ ካነሰማ ምን ዋጋ አለው?» ይኼ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ነው። ወሳኙ የሚገፋው ነገር መጠን ነው። 1 ሚሊዋት ብርሃን ሙሉ በሙሉ ሲዋጥ 3 ፒኮኒውተን (የኒውተን ትሪሊዮንኛ) ያህል ይገፋል። ስፋቱ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ የሆነ የፕላስቲክ ቅንጣት ላይ ይህ ሁሉ ቢያርፍ፣ ግፊቱ ከክብደቱ ከ500 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የፊዚክስ ሊቁ አርተር አሽኪን በ1970 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ቅንጣቶችን ውሃ ውስጥ በሌዘር ገፍቶ አሳየ። ኖቤል የተሸለመው በ2018 እ.ኤ.አ.፣ በ96 ዓመቱ ነው።

ይህን የሰማ ልጅ ሌዘር ገዝቶ ሊሞክር ይነሳል። በርቱ እላለሁ፤ ግን ዓይን ላይ በፍጹም እንዳታበሩ። ጉዳቱ የማይድን ሊሆን ይችላል።

«ብርሃን መግፋት ብቻ ነው የሚያውቀው።» ብርሃን ቅንጣቱ ውስጥ ሲያልፍ ይታጠፋል። እሱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ቅንጣቱ ወደ ቀኝ ይገፋል። ጨረሩ መሃሉ ላይ ደማቅ ከሆነ፣ ውሃ ውስጥ ያለ ፕላስቲክ ወደ ድምቀቱ ይሳባል። የአየር አረፋ ከሆነ ግን ተገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ «ይስባል ወይስ ይገፋል?» ከማለታችሁ በፊት ቅንጣቱ ምን እንደሆነና ምን ውስጥ እንዳለ ጠይቁ።

አሁን ዋናው። ሁለት ቅንጣቶች አንድ ጨረር ውስጥ ጎን ለጎን ሲሆኑ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ ይገፋፋሉም። ልጆቹ ወዲያው «የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይኖራቸዋላ!» ይላሉ። ቻርጅ አያስፈልግም። አንዱ የበተነው ብርሃን ሌላው ጋ ደርሶ ከዋናው ጨረር ጋር ይደራረባል። ሞገዶቹ አንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ ሌላ ቦታ ይጠፋፋሉ። ኃይሉም ከዚያ ይመጣል።

እዚህ ላይ ማግኔትን አታስቡ። ማግኔት ከሳበ፣ ብታርቁትም መሳቡን አይተውም፤ ይደክማል እንጂ። እዚህ ግን ርቀቱ ትንሽ ሲጨምር መሳቡ ወደ መግፋት ይዞራል፤ ጨምሮ ሲርቅ እንደገና ይስባል። በ1989 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ በርንስ፣ ፎርኒየርና ጎሎቭቼንኮ ይህን ውሃ ውስጥ በፕላስቲክ ቅንጣቶች አሳዩ። ቅንጣቶቹ የሚመርጧቸው ርቀቶች በአንድ የሞገድ ርዝመት (ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ገደማ ይለያያሉ። ስታሰሉ ብርሃኑ አየር ውስጥ ያለውን ሳይሆን ውሃ ውስጥ ያለውን የሞገድ ርዝመት ውሰዱ፦ 532 ናኖሜትር የሆነው አረንጓዴ ሌዘር ውሃ ውስጥ 400 ይሆናል።

የመጨረሻው ስህተት፣ «አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የግድ እኩል ነው» ማለት ነው። ቅንጣቶቹ የተለያዩ ከሆኑ እኩል ላይሆን ይችላል። ያኔ ልጆቹ ስለ ኒውተን ሦስተኛ ሕግ (ለማንኛውም ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት አለ ስለሚለው) ይሟገቱኛል። ሕጉ አልተሻረም፤ ልዩነቱን ተበትኖ የሚሄደው ብርሃን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ የሁለቱን ቅንጣቶች ቀስት ብቻ አትሳሉ፤ የሚወጣውንም ብርሃን ጨምሩ።