ጎረቤት ፕላስቲክ እንዲለይ፦ ከቡና ሰዓት ጀምሩ

እኛ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ቤት ለቤት ስንዞር ወረቀት አንበትንም። ቡና ሲፈላ ጠብቀን እንገባለን። «እትዬ፣ ይቺን ጆንያ ከበሩ ኋላ ላንጠልጥልልዎ?» በሉ።

ጆንያው ለባዶ ሃይላንድና ለዘይት ጀሪካን ብቻ ነው። ሃይላንዱን አንጠፍጥፉት፣ ጨፍልቁት፣ ከዚያ ክዳኑን ግጠሙ። አየር ከያዘ ጆንያው ቶሎ ይሞላል፤ ሰውም ይሰለቻል። እርጥብ ነገር ከገባበት ደግሞ ይሸታል፣ ቆራሌውም አይወስደውም። የሽንኩርት ልጣጭና የቡና አተላ ለጓሮው ጎመን ይሁን፤ ከአፈር ጋር ይቀላቀል።

ከሰኔ በፊት ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከቦዩ ያገኘውን ላስቲክ ሁሉ ጠርጎ ጣና ይከተዋል።

የሽያጩ ገንዘብ የቤቱ እማወራ የራሷ መሆኑን አስረግጣችሁ ንገሯቸው። በሳምንቱ ተመለሱ። ያልጀመረ ካለ አትቆጡ፤ አብራችሁ ለዩ።