ከማማው ጋር ሳይጣሉ «አልችልም» ማለት

በክረምት ወደ ጎንደር ስትበር አዘዞ ላይ ደመና ተቆልሎ ይጠብቅሃል። የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ተቆጣጣሪ «ወደ ግራ ዙር» ቢልህና ግራህ ነጎድጓድ ከሆነ፣ አትከራከር። «አንኤብል» (አልችልም) በል። ምክንያቱን በሁለት ቃል ጨምርና የምትፈልገውን አቅጣጫ ጠይቅ።

እኔ ጀማሪ ሳለሁ ምክንያቱን ዘልዬ ተኮሳተርኩ። ሰውዬው ዝም አለኝ። ለካ ከሥሬ ሌላ አውሮፕላን ይዞ ነበር! የመጨረሻው ውሳኔ የካፒቴኑ ነው፤ ተቆጣጣሪው የያዘውን ግን አንተ አታይም።

ቲካስ (ከሌላ አውሮፕላን ጋር እንዳትጋጭ የሚያስጠነቅቅህ መሣሪያ) «ወደ ላይ ውጣ» ካለህ ድርድር የለም። ውጣ፣ ከዚያ «ቲካስ አርኤ» (የቲካስን ትእዛዝ እየተከተልኩ ነው) ብለህ ለተቆጣጣሪው አሳውቅ። በ2002 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ዩበርሊንገን ላይ አንዱ አብራሪ ተቆጣጣሪውን፣ ሌላው ቲካሱን ሰምተው ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 71 ሰው አልቋል።

ቅር ካለህ? ካረፍክ በኋላ ስልክ ደውል። ሬዲዮው ላይ አይሆንም።